ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ጣና ላይ በጀልባ ስትወጡ፦ ከወደብ እስከ መልስ የደህንነት መመሪያ

ባሕር ዳር ሄዶ ጀልባ ሳይሳፈር የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ገዳማቱን ለማየት ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ይሄዳል፣ ሌላው ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታና ጉማሬውን ለማየት፣ ሌላው ለመሳለም። አብዛኛው ሰው በሰላም ይመለሳል። ሐይቅ ላይ ነገር ሲበላሽ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚበላሸው፣ ያኔ ደግሞ መውረጃ የለም፣ ሮጦ የሚደርስ ሰውም የለም። ስለዚህ የሚያድናችሁ ነገር በሙሉ ገና እግራችሁ መሬት ላይ ሳለ መዘጋጀት አለበት።

አጥብቄ መናገር የምፈልገው ስለ ይሉኝታ ነው። ጀልባው ሞልቶ እያየን፣ ሰማዩ ጠቁሮ እያየን፣ ላይፍ ጃኬቱ ከሰዉ ቁጥር እንዳነሰ እያየን ዝም እንላለን። ጉዞውን ያዘጋጀው ዘመድ እንዳይከፋው፣ ጀልባ ነጂው እንዳይቀየም፣ "ፈሪ ነው" እንዳንባል። እባካችሁ ይህን ነገር ወደብ ላይ ተዉት። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ የሚሠራው ከመካከላችሁ አንድ ሰው "አይሆንም፣ እንዲህ አንሄድም" ለማለት ከደፈረ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ሰምቶ የሚዘናጋ አለ። ለመስጠም እኮ ከቁመት በላይ የሆነ ውሃ ይበቃል። ደግሞም ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ሞገዱም አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያስቸግራል።

ጠዋት ጣና ጸጥ ይላል። ነፋሱ የሚነሳው ባብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ 7 ሰዓት ሳይሞላ ለመመለስ አቅዱ። ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ የቀረውን ሰው ጠብቀን እያላችሁ 5 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ግን መልሱ ላይ ማዕበሉን ታገኙታላችሁ። ዘጌ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ወደ ሐይቁ መሀል ናቸው፣ ሙሉ ቀን ይፈልጋሉ፣ ከዳርም ብዙ ያርቃሉ። ትናንሽ ልጆች ወይም አቅመ ደካማ አዛውንት ካሉ ዘጌ ይበቃል። ደቅን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ወቅት ሌላ ጣጣ አለው፣ መብረቅ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችል ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። ገና ካልተነሳችሁ አትነሱ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሐይቁ ላይ ሳላችሁ ከመጣ በቅርብ ወዳለው ዳር ውጡ እንጂ "ትንሽ ነው የቀረን" ብላችሁ አትገስግሱ። እስክትደርሱ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ብረት አትንኩ።

የስልካችሁ የአየር ትንበያ ጥሩ ነው፣ እዩት። ከእሱ በላይ ግን ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ። በደንገል ታንኳ የሚወጡት ሰዎች የሐይቁን ነፋስ ያውቁታል፣ እነሱ በጊዜ ወደ ዳር ሲመለሱ ካያችሁ ምክንያት አላቸው ማለት ነው። ሌላው፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ ውስጥ ካለው ግጭት የተነሳ መንገዱም ሆነ ደሴቶቹ አካባቢ ያለው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሊለይ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር የምታምኑት ሰው ጠይቁ።

ቀጥሎ ጀልባውንና ነጂውን እዩ

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው "ስንት ነው?" ብለን ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። "ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይፍ ጃኬቶቹን አሳየን፣ ከዚያ ዋጋ እንነጋገራለን" በሉት። የሚያኮርፍ ከሆነ ሌላ ጀልባ አለ።

ጀልባው ውስጥ ግቡና ወለሉን እዩ። ውሃ ካለ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የዝናብ ከሆነ ይቀዳል፣ እየሰረገ ከሆነ ግን ያ ጀልባ አይሆንም። ሞተሩ አንዴ ሲሞከር ይነሳል ወይስ ደጋግሞ መሳብ ይፈልጋል? መቅዘፊያ አለ? ውሃ መቅጃ ባልዲ አለ? ረጅም ገመድ አለ? እነዚህ የሌሉት ጀልባ ሞተሩ የቆመ ዕለት ነፋስ ወደፈለገው ይወስደዋል።

ቤንዚኑን በተለይ ጠይቁ። ቤንዚን በሚጠፋበት ጊዜ "ይበቃናል" የሚል ግምት ይበዛል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሢሶው ለመሄጃ፣ ሢሶው ለመመለሻ፣ ሢሶው ለመጠባበቂያ። ማዕበል ሲነሳ ሞተሩ ከወትሮው በላይ ይበላል፣ ለዚህ ነው ሦስተኛው ሢሶ። ትርፍ ቤንዚን የያዘው ጀሪካን በደንብ የተከደነ ይሁን፣ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ፣ ሲሞላም ሞተሩ ጠፍቶ ሰዎች ወርደው ይሁን።

ብዙ ሞተሮች ላይ አንድ አጭር ገመድ አለ። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ ይሰካል፣ ሌላውን ነጂው እጁ ወይም እግሩ ላይ ያስረዋል። ነጂው ድንገት ውሃ ውስጥ ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል። ካልታሰረ ግን ጀልባው ያለ ነጂ እየዞረ የወደቀውን ሰው በፕሮፔለሩ (ከሞተሩ ሥር በሚሽከረከረው ምላጭ) ሊመታው ይችላል፣ ተሳፋሪውም መንዳት የሚያውቅ ሰው ሳይኖረው ይቀራል። ገመዱ ካለ እንዲያስረው በትህትና ጠይቁት።

ስለ መጠጥ ብዙ አልልም። ነጂው ጠላም አረቄም የቀመሰ ከመሰላችሁ አትሳፈሩ። ተሳፋሪውም ቢራውን ከተመለሰ በኋላ ይጠጣ። የሰከረ ሰው ሚዛኑን ይስታል፣ ውሃ ውስጥ ሲወድቅም ራሱን መርዳት ያቅተዋል።

አሁን ወደ ጭነቱ። ሁሉም ሰው ከተቀመጠ በኋላ ከውሃው እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለውን ከፍታ ተመልከቱ። ጎንበስ ሳትሉ እጃችሁ ውሃ የሚነካ ከሆነ፣ በእኔ ፍርድ ያ ጀልባ ሞልቷል። የወንበሩ ብዛት የጀልባውን አቅም አይነግራችሁም፣ ዕቃም ሰው ያህል ይከብዳል። ጀልባውን ለብቻችሁ ተከራይታችሁ ከሆነ "እነዚህን ሁለት ሰዎች እግረ መንገዳችንን እናድርሳቸው" ሲባል እምቢ የማለት መብት አላችሁ። በተለይ በዓል ሲሆን ተጠንቀቁ። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ዘጌ ወዳለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሕዝብ ይጎርፋል፣ ሁሉም ለቅዳሴው መድረስ ይፈልጋል፣ ጀልባዎቹም ከአቅም በላይ ለመጫን ይፈተናሉ። እንዲህ ባለ ቀን ለመሳለም የምትሄዱ ከሆነ በዋዜማው ቀድማችሁ ተሻገሩ። ያም ካልሆነ ቀጣዩን ጀልባ ጠብቁ።

ሒሳቡን ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። የመመለሻ ሰዓቱንም አብራችሁ ተስማሙ።

ላይፍ ጃኬት፦ እዚህ ላይ አትደራደሩ

የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) በየዓመቱ በሚያወጣው የጀልባ አደጋ ዘገባ ከሰጠሙት ሰዎች መካከል ከአምስቱ አራቱ ያህል ላይፍ ጃኬት ያልለበሱ ነበሩ። ዋና የሚችል ሰው "እኔ አያስፈልገኝም" ይላል። ጭንቅላቱን ጀልባው ጠርዝ ላይ መትቶ የወደቀ ሰው ግን ዋና አያውቅም። ሁለት ሰው የተጠመጠመበት ዋናተኛም እንዲሁ።

"መቀመጫው ሥር አለ" ማለት አለን ማለት አይደለም። ጀልባ ሲገለበጥ ጎትቶ አውጥቶ፣ ትክክለኛውን መጠን ለይቶ፣ አስሮ ለመልበስ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ወደብ ላይ ይልበስ፣ መሬት እስኪወርድም አያውልቅ። ትልልቆቹ ካልለበሱ ልጆቹ እንደማይለብሱ ታውቁታላችሁ።

ስትለብሱ እንዲህ ፈትሹት። ጨርቁ የተቀደደ፣ ውስጡ ያለው ፎም የተፈረካከሰ ወይም ውሃ ጠጥቶ የከበደ ከሆነ መልሱት። ማሰሪያዎቹን በሙሉ እሰሩና አጥብቁ። ከዚያ አንድ ሰው ጃኬቱን ከትከሻችሁ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ወደ አገጫችሁና ጆሯችሁ ከወጣ ሰፍቷችኋል፣ ውሃ ውስጥም እንዲሁ ሾልኮ ይወጣል። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም፣ ምንም ያህል ቢጠብቅ። ብዙዎቹ ላይ የሚችሉት ክብደት በኪሎ ተጽፏል፣ አንብቡት። ለሕፃናት የተሠራው በእግር መሀል የሚያልፍ ማሰሪያና ጭንቅላት የሚደግፍ ኮሌታ አለው።

ልክ የሚሆን የልጅ ጃኬት ወደቡ ላይ ማግኘት ከባድ ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ልጆች ይዛችሁ የምትመጡ ዘመዶች ሻንጣችሁ ውስጥ ጨምራችሁ አምጡ፣ ፎሙ ቀላል ነው። ጋዝ የሚነፋውን ዓይነት ግን ተዉት፣ አውሮፕላን ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ስትመለሱ ለዘመድ ትታችሁት ብትሄዱ ደግሞ ከብዙ ስጦታ ይበልጣል። አሜሪካ ሐይቅና ወንዝ ላይ ጀልባ ለምትከራዩም፣ በፌዴራል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው እየሄደ ክፍት ቦታ ላይ ካለ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለበት። ግዛቶች የየራሳቸው የዕድሜ ገደብ ሊኖራቸው ስለሚችል ከተከራያችሁበት ቦታ ጠይቁ።

እናቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሕፃን አዝላችሁ ጀልባ ላይ አትቀመጡ። አንቀልባውም ሆነ ነጠላው ሕፃኑን ከእናንተ ጋር ያስረዋል። ውሃ ውስጥ ብትወድቁ እናንተን የሚያንሳፍፈው ጃኬት የልጁን ፊት ውሃ ውስጥ ሊያቆየው ይችላል፣ ቋጠሮውም ሲረጥብ አይፈታም። ሕፃኑን ከፊት ታቀፉት፣ ልኩ የሆነ ጃኬት ይልበስ። ልኩ ከሌለ ያ ሕፃን ከአያቱ ጋር ባሕር ዳር ይዋል። ጨካኝ ምክር ይመስላል፣ ግን አልለውጠውም።

ልብስም ያው ነው። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ረጅም ቀሚስ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ያንቃል። የቤተ ክርስቲያን ልብሳችሁን በፌስታል ይዛችሁ ዘጌ ስትደርሱ ልበሱት። ከባድ ጫማ ከሆነ ክሩን አላሉት።

ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ

መሬት ላይ ለሚቀር ሰው ደውሉ፦ የት እንደምትሄዱ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ የነጂውን ስልክ፣ የምትመለሱበትን ሰዓት። "እስከ 9 ሰዓት ካልደወልን ፈልጉን" በሉት። ሐይቁ መሀል ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል፣ የእሱ ስልክ ግን ይሠራል። የእናንተን ስልክ ቻርጅ አድርጋችሁ በሁለት ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አንገታችሁ ሥር ያዙት። አንድ ፊሽካና አንድ የእጅ ባትሪም ያዙ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አስገቡ፦ ባዶ ጀሪካን፣ ክዳኑ የጠበቀ፣ እጀታው ላይ አሥር ሜትር ያህል ገመድ የታሰረበት። አምስት ሊትሩ እንኳ አንድን ሰው ውሃ ላይ ለማቆየት ይረዳል። በየቤቱ አለ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ለሚሰጥም ሰው የሚወረወር ከዚህ የተሻለ ነገር በቀላሉ አታገኙም።

ከዚያ ልጆቹን በስም ተከፋፈሉ። "ሁላችንም እናያቸዋለን" ከተባለ ማንም አያያቸውም። "አንተ ናትናኤልን፣ እኔ ማርታን" ብላችሁ ተናገሩ፣ ስልክ ለማንሳት እንኳ ስትፈልጉ ለሌላ ሰው አስረክቡ። ሰዉን ቁጠሩ፣ ከየደሴቱ ስትነሱም እንደገና ቁጠሩ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶች አይገቡም፣ ስለዚህ ቤተሰቡ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። ልጅ የሚጠፋው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፣ አባት ከእናቱ ጋር ነው ሲል፣ እናት ከአባቱ ጋር ነው ስትል። ዳር ላይ የሚጠብቁት ልጆችም ጃኬታቸውን አያውልቁ።

ስትሳፈሩ ሞተሩ ይጥፋ። አንድ በአንድ ግቡ፣ የጀልባውን መሀል እርገጡ፣ ሁለቱም እጃችሁ ባዶ ይሁን። ዕቃውን ሌላ ሰው ያቀብላችሁ።

ውሃው ላይ

ተቀመጡ። ፎቶ ለመነሳት አትቁሙ፣ ጠርዙ ላይም አትቀመጡ። ትንሽ ጀልባን ለመገልበጥ ቀላሉ መንገድ ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን መሄዱ ነው፣ ይህ ደግሞ የሚሆነው አንድ ሰው "ጉማሬ! ጉማሬ!" ብሎ ሲጮህ ነው። ዓባይ መውጫው አካባቢ ከመድረሳችሁ በፊት ተነጋገሩ፦ ማንም ከቦታው አይነሳም፣ ጀልባው ራሱ ይዞራል።

ነጂው ጉርሻ ይሰጡኛል ብሎ ወደ ጉማሬው ሊጠጋ ይችላል። "ይበቃል፣ ከዚህ ይታየናል" በሉት። ጉማሬ ከጥልቁ ውሃ የሚለየውን፣ ወይም በእሱና በግልገሉ መካከል የሚገባውን ነገር ያጠቃል፣ ጀልባ ሥርም ሊነሳ ይችላል። አርባ ምንጭ ጫሞ ላይ የምትወጡ ደግሞ አዞውም ስላለ ልጆች እጃቸውን ውሃ ውስጥ አይንከሩ። ጣና ላይም ቢሆን ሞተር እየሠራ እጅ ከጀልባው ውጭ አይሁን።

ፀሐይዋን አትናቁ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው፣ ጨረሩ ይበረታል፣ ውሃውም ያንጸባርቀዋል። ኮፍያና የሚጠጣ ውሃ ያዙ።

እምቦጭ የበዛበት ቦታ ወይም የዓሣ መረብ ፕሮፔለሩን ሊያንቀው ይችላል። ሲሆን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከውሃ ይነሳ፣ ነጂው ራሱ ያጽዳው፣ ሌላው ሰው ተቀምጦ ይጠብቅ።

ማዕበል ከመጣ ሁላችሁም ወደ መሀል ተጠጉና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ይበል። ነጂው ፍጥነቱን ይቀንስ፣ ሞገዱንም በጎን ሳይሆን በጀልባው አፍንጫ ሰያፍ አድርጎ ይቁረጠው። የሚገባውን ውሃ አንድ ሰው ያለማቋረጥ ይቅዳ። ባሕር ዳር ድረስ መመለስ ግዴታ አይደለም። ቅርብ ያለው ዳር ላይ ወጥታችሁ ነፋሱ እስኪበርድ ቆዩ።

ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ

ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። አንድ ሰው ሥራው ማየት ብቻ ይሁን፣ ጣቱን ወደ ወደቀው ሰው ቀስሮ ዓይኑን አይንቀል፣ ሞገድ መሀል የሰው ጭንቅላት ቶሎ ይሰወራል። ጀሪካኑን ወርውሩለት። ነጂው ቀስ ብሎ ይጠጋና ሰውየው አጠገብ ሲደርስ ሞተሩን ያጥፋ። ተከትላችሁ አትዝለሉ። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ይጨብጣል፣ ወንድሙንም ቢሆን ይዞ ይወርዳል። መቅዘፊያ ዘርጉለት፣ ገመድ ጣሉለት፣ ሲወጣም ሌሎቻችሁ በሌላኛው ጎን ሚዛን ጠብቁ።

የሚሰጥም ሰው እንደሚጮህ የሚያስብ ብዙ ነው። ባብዛኛው አይጮህም፣ ትንፋሽ የለውም። አፉ ውሃው ላይ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ እጁ ውሃውን ይገፋል፣ ጥሪ አይመልስም። ዝም ያለ ልጅ ካያችሁ ፈጥናችሁ ድረሱለት።

ጀልባው ከተገለበጠ ጀልባውን አትልቀቁ። ብዙ ጀልባ ተገልብጦም ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም የሚታየው እሱ ነው። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፣ ውሃ ላይ ግን ርቀት ያታልላል። ልጆቹን መሀል አድርጋችሁ ተያያዙ፣ ቁጠሩ፣ ፊሽካውን ንፉ።

ያወጣችሁት ሰው የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቃችሁ አትስቀሉት፣ ሆዱንም አትጫኑ፣ ጊዜ ይጠፋል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ እፍ በሉ፣ ደረቱ ሲነሳ እያያችሁ። ከዚያ ደረቱ መሀል ላይ 30 ጊዜ በኃይል ጫኑ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት፣ ሁለት ትንፋሽ ስጡ፣ እርዳታ እስኪመጣ ወይም ራሱ እስኪተነፍስ ድገሙት። በመስጠም ጊዜ የጎደለው አየር ስለሆነ ትንፋሹን አትዝለሉት። ሌላ ሰው በዚያው ቅጽበት 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ብትችሉ ይህን ከጉዞው በፊት የመጀመሪያ እርዳታ ከሚያስተምር ሰው በእጃችሁ ተለማመዱት።

ነቅቶ "ደህና ነኝ፣ ቤት ውሰዱኝ" ቢልም ሆስፒታል ውሰዱት። ወደ ሳንባ የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ሐኪሙ ስንት ደቂቃ ውሃ ውስጥ እንደቆየና ራሱን ስቶ እንደነበር ስለሚጠይቃችሁ፣ ያየው ሰው አብሮት ይሂድ።